መቶ በመቶ ሠርቻለሁን?

በአሜሪካ ብዙው የዩኒቨርሲቲ መምህር የሚቀጠረው ለ9 ወር ነው። በክረምቱ የትምህርት እረፍት ምርምር የሚሠራ ሰው ደመወዙን የሚያገኘው ከምርምር ድጋፍ ነው፤ ይህም በአመዛኙ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። የ9 ወር ደመወዙ 90,000 ዶላር የሆነ መምህር ለአንድ የክረምት ወር 10,000 ዶላር ይታሰብለታል። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በመደበኛ አሠራሩ በዓመት ከ2 ወር በላይ አይከፍልም። በምላሹ መምህሩ ከሥራው ስንት በመቶውን ለዚያ ምርምር እንዳዋለ በፊርማው ያረጋግጣል።

ባለፈው ክረምት የአንድ ወር ደመወዜን የሚመለከተው ቅጽ «100 በመቶ» ተብሎ ተሞልቶ ደረሰኝ። እኔ ግን ከዚያ ወር አንዱን ሳምንት ያሳለፍኩት ለሌላ ምርምር የድጋፍ ማመልከቻ ስጽፍ ነበር፤ ይህም በነባሩ ድጋፍ ላይ ሊታሰብ አይገባም። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚፈርመው» አለኝ አንድ ባልደረባዬ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመንግሥት ጋር በስምምነት ጉዳዩን ለመጨረስ 7.6 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል፣ ከቀረቡበት ውንጀላዎች አንዱ ይኸው የክረምት «100 በመቶ» ነበር።

ሐሳብ በሰዓት አይለካም የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። ደንቡም ምክንያታዊ ግምትን ይቀበላል እንጂ የደቂቃ ሒሳብ አይጠይቅም። ነገር ግን መገመትና እያወቁ መዋሸት ለየቅል ናቸው።

ቁጥሩን ወደ 75 አስለውጬ ፈረምኩ፤ ደመወዜም በዚያው ልክ ቀነሰ። በሹማምንት ሙስና ላይ ብዕሬን የማነሣ ሰው የገዛ ፊርማዬን ካላከበርኩ፣ በምን አፌ እናገራለሁ?

ቸር ይግጠመን።