አቀንጭራ የምትነቅለው እሷ፣ ስልጠና የሚጠራው እሱ

በመልካ ጀብዱና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ያላችሁ አርሶ አደሮች፣ ዛሬ ሳላለዝብ ልናገር፤ በተለይ ለአባወራዎች።

ከማሽላ እንነሳ። አንዲት አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታፈራለች። ዘሩ እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ዘር ሳትይዝ መነቀል አለባት። ከያዘች ደግሞ ነቅሎ ማቃጠል እንጂ ማሳ ዳር መጣል አይረባም። ለከብት ከተሰጠችም ዘሯ በፍግ ተመልሶ ማሳ ይገባል።

ይሄ በስልጠና ይነገራል። የሚሰማው ማነው? አባወራው። ጎንበስ ብሎ የሚነቅለውስ? እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ሚስትና ሴት ልጅ ናቸው። እሷ ዘር የያዘውን ነቅላ ለፍየሏ ብትሰጥ ጥፋቱ የማን ነው? ማን ነገራትና!

«አባወራው ካወቀ ቤቱ ሁሉ ያውቃል» ይሉኛል። አቦ፣ ይሄ ተረት ነው! ከስልጠና ወጥቶ በቀጥታ በርጫ የተቀመጠ ሰው ማታ ገብቶ ለሚስቱ ስለ አቀንጭራ ያስረዳል? የሚያስረዳ ካለ ይመስገን።

ፓርኩ በነሐሴ 2014 ነጻ የንግድ ቀጠና ሆኗል። ሥራ መምጣቱን ማንም አይጠላም። ግን ባልየው በጥበቃ ወይም በቀን ሥራ ሲገባ ማሳው ላይ የምትቀረው ማናት? ትልቋ ልጅ ፋብሪካ ስትቀጠር ውሃውና እንጨቱ ወደ ማን ይዞራል? ያቺው እናት ኩትኳቶውን፣ ወፍ ጥበቃውን፣ ሽንኩርት ይዞ ቀፊራ መውረዱን ደርባ ትይዘዋለች። የዘርና የማዳበሪያ መዝገብ ላይ ግን ስሙ አሁንም የሱ ነው፤ ለፊርማ ከፈረቃ እስኪወጣ ይጠበቃል። ዝናቡ ፈረቃ አይጠብቅም።

«ባህላችን ነው» ለምትሉ፣ ሕጉ ሌላ ይላል። ከ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ጀምሮ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም ይዘጋጃል። ድሬዳዋ ላይ በቀጥታ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ ንብረትን ሁለቱ በጋራ ያስተዳድራሉ ይላል። ከተማው ወደ ማሳችሁ እየሰፋ ነው። ነገ የካሳ ጥያቄ ቢመጣ ስሟ ደብተሩ ላይ የሌለ ሴት በየቢሮው ስትንከራተት ልትከርም ነው። ምን አድርጋ?

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ሴት ገበሬዎች ግብዓቱን እንደ ወንዶቹ እኩል ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል ብሏል። ጎተራው የጋራችሁ ነው እኮ፣ ወንድሞቼ! ማንን ነው የምትጎዱት?

እና የሚቀጥለው የአቀንጭራ ስልጠና ሲጠራ ሁለታችሁም ገበሬ ማሰልጠኛው ኑ። አንድ ሰው ብቻ መምጣት ከቻለ የምታርመዋ ትምጣ። እናቶች፣ ሰዓቱ ከውሃ መቅጃ ጋር ከተጋጨባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ እንቀይረዋለን። ሕፃን ይዛችሁም ቢሆን ኑ። የይዞታ ደብተራችሁንም ዛሬ ማታ ገልጣችሁ እዩ፤ ያንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ ሁለታችሁም ቀበሌ ሄዳችሁ ይስተካከልልን በሉ።