ድግሱ ይቅለል፣ ለቀስተኛው ይቆይ

ኢሳን በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የገጠር መንደሮች ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት ብዙ ጊዜ ሦስት፣ አምስት ወይም ሰባት ሌሊት ይቆያል። ማታ ማታ መነኮሳት ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጎረቤት ያመሻል። በቃጠሎው ዕለት የሟች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ራሱን ተላጭቶ ለአጭር ጊዜ ይመነኩሳል። ከሣጥኑ ጋር የተያያዘውን ነጭ ክር የያዙ መነኮሳትም ከፊት ሆነው ሬሳውን ይመራሉ። ከሃይማኖቱ የመጣው ይህ ነው። ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ግን ሌላ ነው፦ የሚታረደው ከብት፣ የሚቀዳው አረቄ፣ የቁማሩ ካርታ።

ለቡዲስት ምእመናን ከተሰጡት አምስት ትእዛዛት የመጨረሻው የሚያሰክር ነገር ይከለክላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሪቱ ሕግም በቤተ መቅደስ አልኮል እንዳይሸጥ አግዷል። ታዲያ አረቄው ለምን አልቀረም? ትናንት የጎረቤቱን ድግስ የበላ ሰው ዛሬ አባቱን በባዶ ሸኘ መባልን ስለሚፈራ ነው። ቀድሞ የሚቀንስ ይታማል፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይቀንስም።

የሟች ኑዛዜ እንኳ ይህን ቋጠሮ አይፈታም። ታዋቂው የኢሳን መነኩሴ ሉአንግ ፖ ኩን አስከሬናቸው ለኮን ኬን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እንዲሰጥ፣ ቃጠሎውም ቀላል እንዲሆን ተናዝዘው በ2015 አረፉ። አስከሬናቸው ለትምህርት ዋለ፤ አመዳቸውም እንደ ቃላቸው ሜኮንግ ወንዝ ገባ። በ2019 የቃጠሎው ቀን ሲደርስ ግን የዝሆን ኩምቢ ያለው የተረት ወፍ የሚታይበት ግዙፍ ማማ ተሠራላቸው፤ ሕዝቡም ጎረፈ። የቀብር ሥርዓት የሟች ብቻ አይደለም፤ የቋሚዎች ክብርም አለበት።

ስለዚህ ለውጡ መጀመር ያለበት ከመንደር ስምምነት ነው። ከአልኮልና ከትምባሆ ላይ በሚሰበሰብ የ2 በመቶ ተጨማሪ ግብር የሚተዳደረው፣ በ2001 የተቋቋመው የታይላንድ ጤና ማበልጸጊያ ፋውንዴሽን፣ አረቄ የሌለበት ለቅሶ እንዲለመድ ዘመቻ ሲደግፍ ቆይቷል። የመንደሩ አለቃ፣ የቤተ መቅደሱ አበምኔትና ሽማግሌዎች አንድ ቃል ከሆኑ ሐሜቱ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ያልቀዳው ሳይሆን የቀዳው ይጠየቃል። አባል ሲሞት ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያዋጣባቸው የቃጠሎ መረዳጃ ማኅበራትም አሉ፤ ለእድርተኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን ደንብ የሌለው መዋጮ ሐዘንተኛውን ከማሳረፍ ይልቅ ድግሱን ሊያሳብጠው ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ማቅለል ማለት ሁሉን በአንድ ቀን ጨርሶ መበተን ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በኢሳን ጎረቤት ሐዘንተኛ ቤት እያመሸ በጨዋታና በተረት ቤተሰቡን የሚያጽናናበት የቆየ ልማድ አለ። አረቄውና ቁማሩ የተጠጉት ይህን ማምሸት ነው። እነሱን ለመንቀል ብሎ ማምሸቱንም መንቀል ሐዘንተኛውን ከወጪ አድኖ ለብቸኝነት መስጠት ነው። መቀነስ ያለበት ከቤቱ የሚወጣው ገንዘብ እንጂ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው አይደለም።

ይህም የሚወሰነው ለቅሶ በሌለበት ቀን ነው። አስከሬን ቤት ከገባ በኋላ «ይቀነስ» የሚል አፍ አይገኝም።