ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ተስፋ

በአገራችን ሕመምተኛ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ካልሆነም አንድ ጠርሙስ ጁስ ይያዛል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት የተኛበት ቤትም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ብርቱካን በብርቱካን ሆነ። ጠያቂ ይገባል፣ «እግዜር ይማርልሽ» ይላል፣ ፌስታሉን ለታላቅ እህቱ ያቀብላል። እሷ «አሜን» ብላ ተቀብላ ወደ ጓዳ ታስገባና እንግዳው ሲወጣ ለጎረቤት ልጆች ታድለዋለች።

ብርቱካንና ሙዝ ብዙ ፖታሲየም አላቸው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወግደዋል። ኩላሊቱ በማይሠራ ሰው ደም ውስጥ ግን ይጠራቀምና ልብን በድንገት እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ይህንን ለእያንዳንዱ ጠያቂ በር ላይ ቆሞ ማስረዳት ከባድ ነው። አንድ ሁለቴ ሞክራ ነበር፤ «ፍራፍሬ ደግሞ ምን ያደርገዋል ልትይ ነው?» ብለው የተቀየሙ አክስት አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ መቀበልን መረጠች።

ከፌስታሉ ጋር የሚመጣው ቃልም እንደ ብርቱካኑ ነው። «ይድናል፣ አትጠራጠሪ።» «እምነት ካለሽ ምንም አይሆንም።» «አታማርሪ፣ ፈጣሪን ታሳዝኚያለሽ።» የሚናገረው ሰው ክፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን መልካም ነገር ይዞ ነው የመጣው። ግን ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ይሄዳል፣ ቃሉ እሷ ጋ ይቀራል። እምነት ካለ ይድናል ከተባለ፣ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ያልጠነከረው የማን እምነት ነው? የታመመ ወንድም ለምታስታምም እህት ከድካሙ ላይ ይህንን ጥያቄ መጨመር፣ ሳያውቁ ቢሆንም፣ ግፍ ነው።

የኩላሊት እጥበት በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል የሚወስድ ሕክምና ነው። ዋጋው ስለሚከብድ ወደ ሁለት ቀን የሚያወርዱት ብዙዎች ናቸው። በአንዱ እጥበትና በሚቀጥለው መካከል፣ ሽንቱ የቆመ ሰው የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ እግር ያብጣል። እየቆየ ሳንባ ውስጥ ይገባና ጋደም ብሎ መተንፈስ ያቅታል። ስለዚህ በዚህ ቤት ውኃ በስኒ ይለካል። ቡናው፣ ሾርባው፣ ክኒን የሚዋጥበት ጉንጭ ውኃ ሳይቀር በእህቱ ጭንቅላት ውስጥ ይደመራል። በጸሐይ ቀን ወንድሟ ከንፈሩ ደርቆ ሲለምናት «በቃህ» የምትለው እሷ ነች። እናት ይህን ማለት አልቻሉም፤ ዞር ብለው ያለቅሳሉ።

ጸበሉ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

እናት ልጃቸውን ጸበል ሊወስዱት ቆርጠው ተነሡ። ማንም ሊከለክላቸው አይችልም፣ ሊከለክላቸውም አይገባም። ችግሩ ሌላ ነው። ጸበል ቦታ በተለምዶ ይጠመቃሉ ብቻ ሳይሆን ይጠጣሉም፤ ያውም እስኪያስመልስ ድረስ። ለዚህ ልጅ ደግሞ ሁለት ሊትር ውኃ፣ የተባረከም ይሁን የቧንቧ፣ ሳንባውን የሚሞላ ነው። በዚያ ላይ «ማሽኑን ካልተውከው ጸበሉ አይሠራም» የሚል መካሪ በየቦታው አይጠፋም።

እህት ከእናቷ ጋር አልተጨቃጨቀችም። አስቀድማ ብቻዋን የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደች። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቋት ሐኪሙ በቀን ምን ያህል እንደፈቀደለት ነበር። ነገረቻቸው። «እንግዲያው ይጠመቅ። ለበረከት አንድ ጉንጭ ይቅመስ፣ እሷንም ከስኒው ላይ ቀንሺ። እጥበቱን ግን አንድ ቀን እንዳያስቀር፤ ይህን ለእናትሽም እኔ እነግራቸዋለሁ» አሏት። የጾሙንም ነገር በዚያው ጨረሱላት። በጾም የሚበላው ምስርና ሽሮ እንደ ብርቱካኑ ፖታሲየሙ ብዙ ስለሆነ፣ ለእሱ እንቁላል ይሻለዋል መባሉን ስትነግራቸው ያለ ክርክር ፈቀዱለት።

ይህ የአንድ ደግ ቄስ የግል ብልሃት ብቻ አይደለም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች እንጦጦ ማርያም ጸበል በተሰበሰቡበትና መድኃኒት ጀምረው ያቋረጡ በነበሩበት ዘመን፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የፈጣሪ ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ፈጣሪ መሆኑን ያስተምራል። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ታከሙ ብለው ማዘዛቸው የታወቀ ነው፤ ለታመመ ሰውም የረመዳን ጾም ቀርቶለታል። እንግዲህ «ወይ እምነት፣ ወይ ሆስፒታል» የሚለውን ምርጫ ከየት አመጣነው? ከመጽሐፍ አይደለም። የሚበዛው ከመንደር ወሬና ፈውስን በማይክራፎን ከሚያውጁ መድረኮች የመጣ ነው። መድረኩ ላይ «ተፈውሰሃል» ያለ ሰው፣ ታማሚው ከሦስት ቀን በኋላ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ አብሮት አይገኝም።

እጥበት ክፍል ውስጥ ሰው በወንበር ይተዋወቃል። ከወጣቱ አጠገብ የሚታጠቡ አንድ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ቀልደኛ፣ ኳስ ወዳድ። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጡ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ሆነ፣ ከዚያ አንድ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

እህት ለቀብር ሄደች። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ወንበር ደርድሯል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውም ገንዘብ ተሰጠ። ሥርዓቱ አንድም አልጎደለም። እሷ ግን ተቀምጣ ታሰላ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። ይህ ገንዘብ ከሦስት ወር በፊት ቢመጣ ስንት እጥበት ይሆን ነበር?

በዚያ ቀን ቤት ገብታ በፈጣሪ ላይ ተቆጣች። ድምፅ አውጥታ፣ እናቷ እየሰሙ። «ስንት ሰው ተንበርክኮ እየለመነህ የት ነበርክ?» አለች። እናት ደንግጠው አማተቡ። አንዲት ጎረቤትም «እምነትሽን አጣሽ እንዴ?» አለቻት።

ጎረቤቷ የዮሐንስ ወንጌል 11ኛ ምዕራፍን ታውቀዋለች፤ ግን የምታስታውሰው መጨረሻውን ነው። ታሪኩ የታመመ ወንድም ያላቸው የሁለት እህቶች ታሪክ ነው። ማርያምና ማርታ አልዓዛር እንደታመመ መልእክት ላኩ፣ የላኩበት ግን ቶሎ አልመጣም። በደረሰ ጊዜ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ መንገድ ድረስ ወጥታ የተቀበለችው በወቀሳ ነው፤ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር ብላ። ለዚህ ቃሏ ተግሣጽ አልደረሰባትም። እምነት የለሽም አልተባለችም። የሚያማርር ሰው የሚያማርረው ይሰማኛል ለሚለው ነው፤ የማይሰማውን ማን ይወቅሳል? ከልቡ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይልቅ ዝም ይላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእህት ጸሎት አጠረ። «ፈውሰው» ማለቱን አልተወችም፤ ግን አብዝታ የምትለው «ለቅዳሜ አድርስልኝ» ነው። ቅዳሜ ቀጣዩ እጥበት ነው። ይህን ትንሽ እምነት ነው የሚሉ አሉ። ትንሽ አይደለም። በየሁለት ቀኑ ገንዘቡን፣ መኪናውን፣ የደም ግፊቱን አስባ፣ ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ፣ ወንድሟን አልብሳ የምትወጣ ሰው፣ ነገ አለ ብላ ካላመነች ከአልጋዋ አትነሣም ነበር።

የእድሩ ነገር ግን በጸሎት የሚታለፍ አይደለም። እድር የዚህ ሕዝብ ትልቁ ሀብቱ ነው። መንግሥት ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይረዳው ሰው በየወሩ እያዋጣ ጎረቤቱን በክብር የሚቀብርበት ተቋም ነው። ታዲያ ለሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ማኅበር ለሕመም ለምን በደንቡ ውስጥ ቦታ ያጣል? ለታመመ አባል መርዳት የጀመሩ እድሮች አሉ፤ ይደነቃሉ። ብዙዎቹ ግን አሁንም አባላቸው በሕይወት እያለ የሚያውቁት መዋጮ ሲያሳልፍ በሚጽፉት ቅጣት ነው። ተቃውሞውም ይታወቃል። ሕመም ማብቂያ የለውም፣ ካዝናው ይራቆታል ይባላል። እውነት አለው፤ አንድ እድር የአንድን ሰው እጥበት ዓመቱን ሙሉ ሊከፍል አይችልም። ግን ትራንስፖርቱን መሸፈን፣ ወይም ገንዘብ ባነሰበት ሳምንት አንድ እጥበት መክፈል ይቻላል። የእጥበት ክፍሉ ጎልማሳ የቀሩት በአንድ ጊዜ አልነበረም፣ አንድ አንድ ቀን እየቀነሱ ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስና፣ እስካሁን ስሙ ያልተነሣ ሌላ ወንድም አለ። መካከለኛው፤ ሾፌር ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት።

የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ንቅለ ተከላ ውጭ አገር ብቻ የሚገኝ ሕክምና መሆኑ ቀርቷል። ኩላሊት ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሚሆን ደግሞ ዓይን ሁሉ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ወንድምና እህት ነው። የአንድ አባትና እናት ልጆች የሰውነት ዓይነታቸው ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ በግማሽ የመመሳሰል ዕድሉ ከሁለት አንድ። በግማሽም ቢሆን መስጠት ይቻላል። እህት ለመስጠት የመጀመሪያዋ ተሰላፊ ነበረች፤ የደም ግፊት ተገኘባትና ቀረች። ቀጣዩ መካከለኛው ወንድም ነበር። የደሙ ዓይነት ከታማሚው ጋር አንድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሱ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤት መምጣት አቆመ። መጀመሪያ «ሥራ በዛብኝ» ነበር፣ ቀጥሎ ስልክ አለማንሳት።

መንደሩ ለመፍረድ አልቆየም። «ለእናቱ ልጅ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» ተባለ። ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ መስጠቱን በጽሑፍ መልእክት የላከለት ዘመድም አለ። ይህ ስብከት አይደለም፣ ማስገደድ ነው። ኩላሊት የሚሰጥ ሰው በአንዱ ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖ መኖር ይችላል፤ ቢሆንም ቀዶ ጥገናው ቀዶ ጥገና ነው፣ ክትትሉም የዕድሜ ልክ ነው። ሁለት ልጅ የሚያሳድግ ሾፌር ቢፈራ ምን ይደንቃል? ለዚህም ነው በሕክምናው ደንብ ሰጪው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ የሚችለው። በእምነት ስም ተጨንቆ የወጣ ኩላሊት ስጦታ አይባልም።

እህት ቤቱ ድረስ ሄደች። የሄደችው ልትለምነው አልነበረም። «ከፈራህ ፍራ፣ እኔም ብሆን እፈራለሁ። አልሰጥም ብትል ከማንም ፊት የምቆምልህ እኔ ነኝ። ቤት ግን ና። ልጁ ኩላሊት አጣ፣ አሁን ደግሞ ወንድም ልታሳጣው ነው?» አለችው። ሚስቱ ቡና ልታፈላ ተነሣች። እሱ ብዙ አልተናገረም፤ ሲሸኛት ግን በር ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ሐሙስ ዕለት እጥበት ክፍሉ ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆመ። ታናሹ ከወንበሩ ሳይነሣ አየት አደረገውና «መኪናህ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?» አለው። ሁለቱም ሳቁ። አራቱን ሰዓት ሙሉ ስለ ንቅለ ተከላ የተነሣ ነገር የለም፤ ስለ ኳስና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲያወሩ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስና ቅዳሜ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙን ለብቻው አግኝቶ ብዙ ጥያቄ ጠይቋል፤ ቀዶ ጥገናው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ መቼ ወደ መሪው መመለስ እንደሚችል፣ ከልጆቹ አንዱ ወደፊት ቢታመም ምን እንደሚሆን። ከዚያ ለመጀመሪያው ምርመራ ደም ሰጠ። እሺም እምቢም አላለም፤ እናቱም እንዳይጠይቁት እህት አስጠንቅቃለች። ቀጣዩ እጥበት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው።