የአቃቂ አየር ይለካ፤ ልኩም ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህን አጭር አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ አምድ ያወጡልኝ ዘንድ በአክብሮት እለምናለሁ።

እኔ በአቃቂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነኝ። በበጋ ወራት ጧት ጧት አንድ ነገር ይቸግረኛል፤ የክፍሉን መስኮት ብከፍተው ጢስ ይገባል፤ ብዘጋው ልጆቹ ይታፈናሉ። ነገሩን ለማስረዳት ስል ከተማሪዎቼ ጋር ሦስት ነጭ ጨርቆችን፣ አንዱን ከአውራው መንገድ ዳር፣ አንዱን ከማድ ቤት አጠገብ፣ አንዱንም አስፋልት በሌለው ሠፈር ለአንድ ሳምንት ሰቀልን። የመጀመሪያው ጠቆረ፣ ሁለተኛው ወየበ፣ ሦስተኛው አፈር መሰለ። እንግዲህ ሁላችን ፋብሪካን ብቻ ስንከስ ኖረናል፤ ጥፋቱ ግን የናፍጣ መኪናውም፣ የማገዶውና የከሰሉም፣ የአቧራውም ጭምር ነው።

የቦታው አቀማመጥም ያባብሰዋል። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ታዘቀዝቃለች። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ፀሐይ ምድሪቱን እስክታሞቅ ድረስም ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ሆኖ ጢሱን ይይዘዋል። ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚሁ ሰዓት ነው።

እጅግ የሚጎዳው በዓይን የማይታየው ብናኝ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር 400ኛ እጅ ስለማይበልጥ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. የዚህን ብናኝ የዓመት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል።

ሕግ አላጣንም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነግሯል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ዛሬም ይጨሳል።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን ሦስት ነገር እለምናለሁ። ቦሎ ሲሰጥ የማርሚታው ጢስ በእውነት ይመርመር። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከጅቡቲ የሚመጣውን ጭነት ይበልጥ ይሸከም። የአቃቂም አየር በየቀኑ እየተለካ፣ እንደ ዝናቡና እንደ ሙቀቱ ሁሉ በጋዜጣ ይውጣ። ያን ጊዜ መስኮቱን የምከፍትበትንና የምዘጋበትን ቀን አውቃለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሳል ከማከም በፊት ጢሱን እንቀንስ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ መምህር፣ ከአቃቂ