አሰላን የሚያቀርባት አውሮፕላን አይደለም

«አሰላ አየር ማረፊያ ቢኖራት ከአዲስ አበባ የሩብ ሰዓት መንገድ ነበረች» የሚል አስተያየት የአርሲ ልጆች በተሰበሰቡበት አይጠፋም። ሒሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። በመኪና 175 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ በአየር መስመር ሲለካ 125 ገደማ ነው፤ የአገር ውስጥ በረራ የሚሠራው ኪው-400 ደግሞ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ማካፈል ነው እንግዲህ።

ችግሩም ማካፈሉ ላይ ነው። አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት የሚበረው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ ለአሰላ ግን ሽቅብ ወጥቶ ሳይረጋ መውረድ ሊጀምር ነው። መንገደኛውስ? በከተማው መጨናነቅ ቦሌ መድረስ አለበት፤ ፍተሻ፣ ሰልፍ፣ ጥበቃ፣ ሲደርስ ደግሞ ሻንጣ። ይህ ሁሉ ሲደመር ሩብ ሰዓት የተባለው ጉዞ ግማሽ ቀን ይበላል።

የመሬቱም ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር አላነሰችም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጉልበት ያጥራቸዋል፤ ስለዚህ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ረጅምና ለጥ ያለው መሬት የቱ ነው? ከኢተያ እስከ ቁሉምሳ ያለው የስንዴ ማሳ ነዋ!

አሁን መንገዱን እንየው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የጉዞውን ግማሽ ያህል አቃልሎታል። የሚቀረው ከአዳማ ወዲያ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አዋሽ መልካሳንና ዴራን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ስንዴ የጫነው፣ ለአሰላው ብቅል ፋብሪካ ገብስ የጫነው ከባድ መኪና በመጀመሪያ ማርሽ ያቃስታል፤ ከኋላው ሚኒባሱ፣ ከሚኒባሱ ኋላ አውቶቡሱ ይሰለፋል። ከተማ በተባለ ቁጥር ባጃጁና ጋሪው መሐል አስፋልት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ መናኸሪያው አለ፦ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል፣ አንዱ ገብቶም መኪናው አይነቃነቅም። ዳገቱ ላይ ተጨማሪ ረድፍ ቢወጣና መኪናው ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ቢነሣ፣ ያለ አንድ ክንፍ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይተርፋል።

«ሕመምተኛስ?» ይባላል። ሕመም የበረራ ፕሮግራም አይጠብቅም፤ ለሕመምተኛ የሚደርሰው አምቡላንስ ነው። «የኃይሌና የደራርቱ አገር አይገባትም ወይ?» ለሚሉትም፣ ክብር በአስፋልት ሜዳ አይለካም፤ ሁለቱም ዓለምን ያሸነፉት በእግራቸው ነው።

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ ከተማ የመንገደኛ አየር ማረፊያ መጠየቅ፣ መንገዱን ሳይሠራ መቆየት ለሚፈልግ ባለሥልጣን ሰበብ ማቀበል ነው።