የምንጣፉን ዋጋ ማን ከፈለ?



በ2013ቱ አገራዊ ምርጫ ሰሞን፣ በሸዋል ወር፣ ከዓስር ሶላት በኋላ አንድ ሰው ወደ መስጂዳችን መጣ። ለአንድ ዕጩ የሚቀሰቅስ ሰው ነበር። ሸይኻችን ፊት ቁጭ አለና ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ «ሸኻችን፣ ይሄ ምንጣፍ እኮ አርጅቷል፤ እኛ ሙሉውን እንቀይርላችሁ» አላቸው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ አለኝ። ምንጣፉን በየሳምንቱ የምጠርገው እኔ ነኝ። የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ ክረምት ሲገባ የትኛው ጥግ እንደሚሸት አውቃለሁ። ሰውየው ግን አልጨረሰም። «ጁሙዓ ዕለት ለጀመዓው አንድ ቃል ብቻ ይናገሩልን» ብሎ ጨመረ።

ሸይኻችን ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ምርጫው ይለፍና ምንጣፉን ይዘህ ና። ያኔ ዱዓ አድርገን እንቀበልሃለን» አሉት። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ምንጣፉን ከሁለት ዓመት በኋላ ጀመዓው አዋጥቶ ቀየረው።

ያን ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። ማታ ግን መድረሳ የተማርነው የኢብኑ ሉትቢያ ታሪክ ትዝ አለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ሲመለስ፣ ከፊሉን ለእናንተ ነው ብሎ አስረከበ፤ ከፊሉን ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም ሚንበር ላይ ወጥተው ይህ ሰው እናትና አባቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሸይኻችን ያደረጉትም ይኸንኑ ነው። ምርጫ ባይኖር ያ ምንጣፍ ይመጣልን ነበር?

ወንድሞችና እህቶች፣ የአገራችን ሕግም ይህንን ጥያቄ ይጠይቃል። የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከማን ገንዘብ እንደማይቀበሉ ይዘረዝራል። ከውጭ መንግሥት፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ምንጩ ካልታወቀ ሰው፣ እንዲሁም ከሃይማኖት ድርጅት መቀበል አይችሉም። ፓርቲ ሒሳቡን በኦዲተር አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ አለበት። መራጭን በስጦታ መደለል ክልክል ነው። የእምነት ቦታም የቅስቀሳ ቦታ አይደለም። ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት ደግሞ ቅስቀሳ የሚቆምባቸው የጥሞና ቀናት ናቸው።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ሙስሊሙን ከፖለቲካ ለማራቅ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሕጉ የከለከለው ተቋሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም። አንተ በላብህ ካገኘኸው ገንዘብ ለምታምንበት ፓርቲ ማዋጣት፣ አባል መሆን፣ መወዳደርም ትችላለህ። የመስጂዱ ሣጥን ግን ያንተ ብቻ አይደለም። እዚያ ውስጥ የሌላ ፓርቲ ደጋፊም፣ ፖለቲካ የማይወዱ እናትም ሰደቃቸውን ጥለዋል። ያ ገንዘብ አማና ነው። ሚንበሩም እንደዚያው አማና ነው።

ባለፈው ዞህራን ማምዳኒ የኒውዮርክ ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥ ብዙዎቻችሁ ፎቶውን ለጥፋችሁ ነበር። ደስታችሁ ይገባኛል። ግን እንዴት እንዳሸነፈ ስንቶቻችን ጠየቅን? በእርግጥ ወጣቱ በር እያንኳኳ ቀስቅሶለታል። ሆኖም ሕጉም አግዞታል። በዚያ ከተማ ደንቡን አሟልቶ የተመዘገበ ዕጩ፣ የከተማው ነዋሪ ከሰጠው መዋጮ እስከ 250 ዶላር ላለው፣ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ከከተማው 8 ዶላር ይጨመርለታል። በምላሹ የወጪ ጣሪያ ይቀበላል። ማምዳኒም ገና በማጣሪያው ወቅት ጣሪያው ላይ ሊደርስ ሲል ደጋፊዎቹን ገንዘብ መላክ አቁሙ ብሏቸዋል።

በሌላ በኩል ለተፎካካሪው ለአንድሩ ኩሞ የቆመ ቡድን ከባለሀብቶች ሰብስቦ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሷል። ይህም ሕጋዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ፣ ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ኩባንያዎችና ማኅበራት ያለ ገደብ እንዲያወጡ በር ከፍቷል። ቢሆንም ማስታወቂያው ላይ ማን እንደከፈለ መጻፍ ግዴታ ነው። የታክሲ ሹፌሩም አሥር ዶላር፣ የቢሊየነሩም ሚሊዮን በስማቸው ይታወቃሉ።

እዚህ እኛ ጋ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምንጣፍ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሸይኻችን በዓይናቸው አይተው መለሱት። ዛሬ ግን ቀስቃሹ መስጂድ መምጣት አያስፈልገውም። ብዙ ተከታይ ላለው የወጣቶች ገጽ አድሚን በሞባይል ብር ይልካል፤ በማግስቱ ከሐዲሱና ከዱዓው መሀል የአንድ ፖለቲከኛ ፎቶ «ለሙስሊሙ የቆመ ጀግና» ተብሎ ይለጠፋል። አንባቢው የአድሚኑ ልባዊ ሐሳብ ይመስለዋል። ምርጫ ቦርድ የፓርቲውን ሒሳብ ይመረምር ይሆናል። ለአንድ ልጅ ስልክ የተላከችውን ብር ግን በቀላሉ አያያትም። የሚያያት አላህ ነው፤ ቀጥሎም ራሱ አድሚኑ።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የቀረበላቸው ልጆች አውቃለሁ። አንዱ ምክር ፈልጎ መጥቶ «ኡስታዝ፣ ሥራ የለኝም፤ የተባልኩት ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ሰውየው እውነት ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ጥሩ ሰው ከሆነ በስምህ፣ በራስህ ገጽ፣ ያለ ክፍያ ደግፈው አልኩት። ከተከፈለህ ደግሞ «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፣ የከፈለውም እገሌ ነው» ብለህ ጻፍ። ይህን መጻፍ ካፈርክ፣ ያፈርከው ለምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። በሐዲስ ስም የሰበሰብከውን ሰው ግን ሳታሳውቀው አትሽጠው።

ምርጫ ሲቃረብ ከእናንተ የምጠብቀው ቀላል ነገር ነው። የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ በቅስቀሳ ወቅት ከዕጩም ሆነ ከፓርቲ የሚመጣ ስጦታ ምርጫው እስኪያልፍ እንዲቆይ አሁኑኑ ተስማምታችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ሰውየው ፊታችሁ ከተቀመጠ በኋላ እንቢ ማለት ይከብዳል። ገጽ የምታስተዳድሩ፣ ክፍያ ከተቀበላችሁ አትደብቁ። አንባቢ የሆናችሁ ደግሞ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ማን እንደከፈለ ጠይቁ።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።