መሄድን የለመዱ፣ መመለስን ያልተማሩ

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2020 ማለዳ ላይ የአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ዋና ከተማ ሶልት ሌክ ሲቲ በሬክተር መለኪያ 5.7 በተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናጠች። አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዓታት ተዘጋ። በሞርሞኖች ታዋቂ ቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ከቆመው የመልአኩ ሞሮኒ ሐውልት እጅም መለከቱ ወደቀ። መንቀጥቀጡ የመጣው በክፉ ሰዓት ነበር። ኮሮና ድንበሮችን አንድ በአንድ እያስዘጋ ስለነበር በየአገሩ የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ወጣት ሚስዮናውያን ሻንጣቸውን መሸከፍ ይዘዋል። ከፊሊፒንስ ብቻ ከ1,600 በላይ የሚሆኑት ለዚሁ በተከራዩ አውሮፕላኖች ወጡ። ሰኞ ማኒላ አጠገብ ቤት ለቤት ሲያስተምር የነበረ የ19 ዓመት ልጅ፣ እሑድ እናቱ ቤት በልጅነት ክፍሉ ውስጥ ለ14 ቀን በር ተዘግቶበት ይቀመጣል።

ስለ እነዚህ ልጆች ጽናት ሲወራ ሁለት ዓይነት ማብራሪያ እንሰማለን። አማኙ «እምነታቸው ነው የያዛቸው» ይላል። ከውጭ የሚያየው ደግሞ «ልጅነት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ምን የማይቻል አለ?» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ዋናውን ግን ይስታሉ። በእኔ ግምት ሚስዮናዊውን ለድንገተኛ ለውጥ የሚያዘጋጀው በየስድስት ሳምንቱ የሚደጋገም፣ ከሩቅ ሲያዩት አሰልቺ የሚመስል የዝውውር ሥርዓት ነው። ችግሩ ሥርዓቱ የተሠራው ሰውን ወደ ፊት ለመላክ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባዕድ አገር ላይ ያልተሰበረው ልጅ ገና አገሩ ሲገባ ይሰበራል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ራሷን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብላ የምትጠራው ይህች ቤተ እምነት ወንዶቹን ለ24 ወር፣ ሴቶቹን ለ18 ወር ትልካለች። ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸውና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። የሚሄዱበትን አገርም ሆነ የሚማሩትን ቋንቋ አይመርጡም፤ ጥሪው በደረሳቸው ቀን ነው የሚያውቁት። ከደረሱ በኋላ ደግሞ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ የዝውውር ዝርዝር ይወጣል። «አንተ ትሄዳለህ፤ ጓደኛህ ይቆያል» ይባላል፤ በቃ። ልጁ በአንድ ሌሊት ነጭ ሸሚዞቹን አጥፎ ሁለት ሻንጣ ይሞላል። ለወራት ያስተማራቸውን ሰዎች ከቻለ ዞሮ ይሰናበታል፤ ካልቻለም ጥቁሩን የስም ባጅ ደረቱ ላይ አድርጎ አውቶቡስ ይሳፈራል። ማታውኑ ከማያውቀው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያድራል። ከዚህ ልጅ ተለይቶ ለብቻው ከተማ መውጣት አይፈቀድለትም። ቢያንኮራፋም ቢያኮርፍም እስከሚቀጥለው ዝርዝር ድረስ አብሮት ነው።

ይህን አሥር ጊዜ ያደረገ ሰው አሥራ አንደኛው ትእዛዝ «ከተማ ቀይር» ከማለት ይልቅ «አገር ልቀቅ» ቢለው እንኳን እጁ ሥራውን ያውቀዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መታጠቂያው ጊዜ ከሩጫው በፊት ነው።

ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1939 የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በዚያ ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ ከሶልት ሌክ በመጣ ትእዛዝ በጀርመን የነበሩ ሚስዮናውያን ባስቸኳይ እንዲወጡ ተባለ። ፍራንክፈርት ላይ ተቀምጠው ምዕራባዊውን ክፍል ይመሩ የነበሩት ዳግላስ ውድ ልጆቹን ወደ ሆላንድ ላኳቸው። ሆላንድ ግን ድንበሯን ዘጋችባቸው። ከጀርመን ገንዘብ ይዞ መውጣት ስለማይቻል አብዛኞቹ ኪሳቸው ባዶ ነው፤ ባቡሮቹን ወታደር ሞልቷቸዋል፤ ስልክም አይሠራም። 31 ሚስዮናውያን የት እንዳሉ ጠፋ። ዳግላስ ውድም ኖርማን ሳይቦልድ የተባለ አንድ ግዙፍ ወጣት ሚስዮናዊ ጠርተው 500 ማርክና የባቡር ትኬቶች ሰጡት፤ «ፈልጋቸው» አሉት። አድራሻ የለም። በቤተ ክርስቲያኗ የታሪክ መዝገብ እንደተጻፈው፣ ሳይቦልድ ኮሎኝ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ሕዝቡ ጢም ብሏል። የሻንጣ ጋሪ ላይ ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሁሉ የሚያውቁትን አንድ መዝሙር በፉጨት ማዜም ጀመረ። ከሕዝቡ መሀል አንዱ ሰምቶ መጣ፤ ከዚያ ሌላው። እንዲህ በየጣቢያው እየወረደ ሰበሰባቸው። የቀሩት በራሳቸው መንገድ ወጥተው ኖሮ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ከ31ዱ የጠፋ አልነበረም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተአምር ነው። ተአምርነቱን ለሚያምን ልተወውና እኔን የሚገርመኝን ልናገር። ፉጨቱ የሠራው ሰሚዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሕይወት ስለኖሩ ነው። አንድ መዝሙር ያውቃሉ፤ ጥንድ ሆነው መንቀሳቀስ ለምደዋል፤ ዛሬ ያገኙትን ሰው ነገ እንደ ወንድም ማመን ለእነሱ የዘወትር ሥራ ነው። ስልክና ገንዘብ ሲጠፋ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፤ በቂም ነበር።

ሁሉም ለውጥ ግን በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ ይህን በጀግንነት ታሪኮች መሀል አናየውም። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1989 የጄሪ ሮውሊንግስ መንግሥት በጋና የቤተ ክርስቲያኗን እንቅስቃሴ አገደ። የውጭ ዜጎቹ ሚስዮናውያን በአንድ ሳምንት ውስጥ አገር እንዲለቁ ተነገራቸው፤ ለቀቁም። ጋናውያኑ ግን ወዴት ይሂዱ? ባጃቸውን አውልቀው የጸሎት ቤቱ ወደተቆለፈበት ሰፈራቸው ተመለሱ። እገዳው እስከ ኖቬምበር 1990 ድረስ ሲቆይ ምእመናኑ እሑድን በየቤታቸው ማክበር ነበረባቸው። ለአንዱ ለውጡ የአውሮፕላን ትኬት ነው፤ ለሌላው ከጎረቤትና ከፖሊስ ጋር አብሮ መኖር ነው። በኮሮናውም ጊዜ የማን ዕጣ ምን እንደሚሆን የወሰነው በአመዛኙ ፓስፖርት ነበር። የውጭ ዜጋው ወደ አገሩ ሲመለስ የአገሬው ልጅ እዚያው ቀርቶ ከተከራየው ክፍል በስልክ ማስተማር ጀመረ። ስለ መላመድ ሲጻፍ የተመላሹ አሜሪካዊ ፎቶ የሚወጣውን ያህል የቀረው ፊሊፒናዊ ወይም ጋናዊ ሲነሣ አላይም።

ወደ መመለሱ እንምጣ። የ24 ወሩ ቁጥር በዩታ ከቀን መቁጠሪያነት አልፎ የክብር መለኪያ ሆኗል። ጨርሶ የመጣ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፊኛና የ«እንኳን ደህና መጣህ» ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ እሑድ አጥቢያው ፊት ቆሞ ስላየው ይናገራል። ሳይጨርስ የመጣውስ? በዩታ ቫሊ ዩኒቨርሲቲ ከኮሮና በፊት የተሠራ ጥናት ጊዜያቸው ሳይደርስ ከተመለሱት ውስጥ 73 በመቶ ያህሉ የሽንፈት ስሜት እንደተሰማቸው አሳይቷል። አብዛኞቹ የተመለሱት ደግሞ በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም ነው፤ አጥፍተው አይደለም። የታመመ ሰው እንደ ከዳተኛ ከተሰማው ጉድለቱ ያለው እሱ ዘንድ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. 2020 ይህን ልማድ ሳይወድ በግዱ ፈተነው። ሁሉም አንድ ላይ ስለመጡ «ለምን ተመለስክ?» የሚል ጥያቄ ትርጉም አጣ። መሪዎቹም ፈጥነው ምርጫ ሰጡ፤ ከፈለጉ ቶሎ በሌላ ቦታ መመደብ፣ ካልሆነም አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ያህል አዘግይቶ እንደገና መጀመር ይችላሉ ተባለ። ከዓመት በፊት የተደረገ ሌላ ለውጥም ሳይታሰብ ጠቀመ። እስከ ፌብሩዋሪ 2019 ድረስ ሚስዮናዊ ቤቱ የሚደውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተፈቀደለት። ስለዚህ በማርች 2020 ሳሎን ገብቶ የተቀመጠው ልጅ ለወላጆቹ ፍጹም እንግዳ አልነበረም።

ተቋሙ ራሱ አገግሟል። በ2019 መጨረሻ ከ67,000 በላይ የነበረው የሚስዮናውያን ቁጥር በ2020 መጨረሻ ወደ 52,000 ገደማ ወረደ፤ በ2024 መጨረሻ ግን ከ74,000 አለፈ። በኢንተርኔት ማስተማሩም እንደ ጊዜያዊ ማምለጫ ተጀምሮ የዘወትር ሥራ ሆኖ ቀረ። እኛን በቅርብ የሚመለከተው ደግሞ በዚያው በጨለማው ዓመት፣ በጁላይ 2020፣ የአዲስ አበባ ሚስዮን ራሱን ችሎ መቋቋሙ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ከኢትዮጵያ ጋር ያላት ትውውቅ ግን ይቀድማል። በ1977 ዓ.ም. ድርቃችን ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ የአሜሪካና የካናዳ አባላቷ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጥተው ነበር፤ የተሰበሰበውም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ከዩክሬን ሚስዮናውያኗን ከጦርነቱ ሳምንታት አስቀድማ፣ በጃንዋሪ 2022 ያወጣች ቤተ ክርስቲያን ማጓጓዝ አልቸገራትም። የሚቀራት የመቀበል ሥራ ነው፤ እሱም የመሪዎች ብቻ አይደለም። ሁሉም ባንድ ላይ ሲመለሱ የተሰጠው ይቅርታ አንዱ ብቻውን ታሞ ሲመለስም ይገባዋል። ወላጆች «ለምን?» ከማለታቸው በፊት ያሳርፉት፤ አጥቢያውም በ9ኛው ወር የመጣውን ልጅ በ24ኛው ከመጣው እኩል እሑድ ጠርቶ ያናግረው።